የመስቀል ስልክ

ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። መስቀል ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አጠገቤ የተቀመጡ በዕድሜ የገፉ እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ነገር አወጡ። ለታሪፍ የሚሆን ብር መስሎኝ ነበር። ስልክ ነው። ያውም ባለ ሰፊ መስታወቱ፣ ከላዩ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ እንኳ ገና ያልተላጠለት።

«ልጄ፣ እስቲ ይህችን እይልኝ» አሉኝ። «ሐኪም ቤት ተመርምሬ ነበር። መልሱን በስልክ እንልክልሻለን ብለውኛል። ትናንት ማታ ጮኸ። የሚያነብልኝ ጠፋ፤ ልጄ እንደሆነ አዲስ አበባ ተመልሷል።»

ተቀብዬ አየሁት። ትናንት ማታ የጮኸው መልእክት «ይህን ቁጥር ይላኩና የመኪና ባለዕድል ይሁኑ» ይላል። ከሱ በፊት የመጣው ቀልድ በየቀኑ እንዲደርስዎ ከፈለጉ ይላል። ከዚያ በፊት ያለው ደግሞ የጥቅል ቅናሽ። ወደታች ብወርድ ብወርድ ያው ነው። አሥራ ምናምነኛው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። «ለስኳር ክትትል ቀጠሮዎ…» ብሎ ይጀምራል። መልእክቱ ከገባ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤ ቀጠሮው ራሱ ካለፈ አምስት ቀን።

ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «አዎ፣ ያን ቀንም ጮኾ ነበር» አሉ። «ልጄ የደወለ መስሎኝ ‹ደህና ነኝ› ብዬ መለስኩለት።»

እናላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የእኚህ እናት «ደህና ነኝ» ነው።

ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ሲገባ ባዶ እጁን እንደማይገባ አገር ያውቃል። ከመርካቶም ይምጣ ከሐዋሳ፣ ሊስትሮም ይሁን ባለ ሱቅ፣ ለእናቱ አንድ ነገር ይዞ መግባት አለበት። የስጦታው ዓይነት ግን ከዘመን ዘመን ይለያያል። ብርድ ልብስና ጋቢ የነበረበት ጊዜ አለ። ፋኖስ የነበረበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ ትራንዚስተር ሬዲዮ መጣ፤ ሬዲዮ ያመጣ ልጅ የሰፈር ወሬ ነበር። አሁን ተራው የስልክ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። ብርድ ልብሱ ማንንም ያሞቃል፣ ሬዲዮው ጆሮ ላለው ሁሉ ይናገራል። ስልኩ ግን ፊደል ለቆጠረ ብቻ የሚገለጥ ብዙ ነገር በሆዱ ይዟል። ልጅየው ለእናቱ ያመጣላት ዕቃ ነው፤ ዕቃውን የሚያነብላት ሰው ግን እሱው ራሱ ነበርና በማግስቱ አውቶቡስ ይዞ ሄደ።

በድሮ ጊዜስ ማን ያነብ ነበር? ከአዲስ አበባ የሚላክ ደብዳቤ በሰው እጅ መንደር ሲደርስ፣ አንባቢው የታወቀ ሰው ነበር። የቄስ ትምህርት የተማረ ወይም ከሚስዮን ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ጎረምሳ አይጠፋም። ቡና ይፈላና ይነበባል። ያልገባው ሰው «እስቲ እሷን ቦታ ድገማት» ይላል። ጎረቤት ሁሉ ስለሚሰማ ሚስጥር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያም ሆኖ ደብዳቤው ሳይነበብ አሥራ አንድ ቀን አያድርም።

ከዚያ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. መጣ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ደርግን የሚወደውም የሚጠላውም ይህችን ለማንሳት አይሰስትም። ተማሪው አስተማሪ ሆነ፤ አያቶች በመብራት ዙሪያ ተሰብስበው ሀ ሁ አሉ። ዘመቻው ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። ትምህርቱ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲሰጥ ከመካከላቸው ስልጥኛ ነበረበት፤ የሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋዎች ግን አልነበሩም። ስለዚህ የጉብሬ አካባቢ እናት ፊደል የቆጠረችው በአማርኛ ነው፤ ቤቷ ገብታ ከልጆቿ ጋር የምታወራው በሌላ። ከጎኔ ያሉትን እናት በዘመቻው ተምረው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ተምሬ ነበር እንጂ» አሉ። «እንሰት የመፋቂያው ጊዜ ደረሰና ተውኩት። የተማርኩትንም የማነበው ነገር ሳጣ ረሳሁት።» የዘመቻውን ድካም ሳልንቅ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ማንበብን አስተምሮ የሚነበብ ነገር አለመስጠት ዘር ዘርቶ ውኃ እንደ መንሳት ነው። ዛሬ የሚነበበው ነገር በገፍ መጣ። መጥቶም ሎተሪ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። ከጉብሬ ብዙም ሳይርቅ አጣጥ ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የካቶሊክ ደናግል ማኅበር የሆኑት የሕክምና ሚስዮን እህቶች ያቋቋሙት ነው። በዚያ ዘመን በአካባቢው ምጥ የጠናባት ሴት መጓጓዣዋ ቃሬዛ ነበረ። ወንዶች እየተፈራረቁ ተሸክመው፣ ዳገት ወጥተው፣ ወንዝ ተሻግረው ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን አልፏል። ሐኪሙ ቢላው በእጁ፣ መድኃኒቱ በመደርደሪያው እያለ የሚያደርገው ያጣል። መንገዱን ማሳጠር አይቻል፤ ምጡን ማቆም አይቻል። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ሴትየዋን ምጡ ሳይጀምራት ማምጣት።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሆስፒታሉ አጠገብ ጎጆ ተሠራ። አዎ፣ ጎጆ። ልክ እንደ መንደሩ ቤት። በቀደመ ወሊዷ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ልጅ ሞቶ የተወለደባት፣ መንታ የያዘች፣ ወይም ቤቷ ሩቅ የሆነች ሴት የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ መጥታ እዚያ ትቀመጣለች። ስንቋን ይዛ ትመጣለች፤ ራሷ ታበስላለች፤ ከሌሎች ጋር ቡና ትጠጣለች። ምጥ ሲመጣ ሐኪሙ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። ዛሬ በየጤና ጣቢያው «የእናቶች ማቆያ» የሚባለው ነገር በአገራችን ከቆዩት ምሳሌዎቹ አንዱ ይኸው ነው።

ቁጥር የምትወዱ አላችሁ፤ እኔም እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአጣጥ 777 ሴቶች ወለዱ። 142ቱ ከጎጆዋ የገቡ ነበሩ፤ ከነሱ አንዲትም እናት አልሞተችም። በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት 635 ሴቶች ግን 13ቱ ሞቱ። አንድ ዓመት ብቻውን ምስክር አይሆንም ለሚል፣ ከ1987 እስከ 2008 ያለው የ22 ዓመት መዝገብ ተሰልቶ በ2010 ታትሟል። በነዚያ ዓመታት 24,148 ወሊዶች ነበሩ። በጎጆዋ ካለፉት 6,805 ሴቶች መካከል የእናቶች ሞት ከ100 ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 90 ገደማ ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት 17,343 መካከል ከ1,300 በላይ ነው። ሞተው የሚወለዱ ሕፃናትም ከሺህ 18 ገደማ በአንድ ወገን፣ 191 በሌላ ወገን። በእርግጥ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የመጡ ስለሆኑ ሁለቱን ወገን እንደ እኩል ማወዳደር አይገባም። ግን የጎጆዋ ዓላማስ ምን ነበር? ነገሩ ከመበላሸቱ በፊት ማምጣት አልነበረም እንዴ!

እኔን የገረመኝ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሌላ ነገር ነው። ያቺ ሴት ቤቷን፣ ላሟን፣ ትንንሽ ልጆቿን ትታ ለሁለትና ሦስት ሳምንት እንድትመጣ ማን አሳመናት? ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አላሳመናትም፤ ማንበብ አትችልም። ያሳመናት ሰው ነው። በነፍሰ ጡር ክትትል ጊዜ ፊት ለፊት የነገራት፣ ከመንደሯ የተመረጠና ቋንቋዋን የሚናገር የጤና ሠራተኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አምና እዚያ ሰንብታ ልጇን ታቅፋ የተመለሰች ጎረቤቷ። ባሏንም ማሳመን ነበረበት። አማቷንም። ሆስፒታሉ ጎጆ ሠራ እንጂ ጎጆዋን የሞላው መንደሩ ነው።

ይህ አካባቢ ደግሞ እንዲህ ላለው ነገር እንግዳ አይደለም። አጣጥ በምትገኝበት በዚያ በኩል መንገድ የወጣው እንዴት እንደሆነ ለወጣቶቹ መንገር ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች «መንግሥት እስኪሠራልን አንጠብቅም» ብለው የጉራጌ መንገዶች ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። ነጋዴው ከሱቁ፣ ሊስትሮው ከሳጥኑ አዋጣ። ገበሬው ገንዘብም ጉልበትም ጨመረ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም «እናንተ ይህን ካዋጣችሁ እኔ ይህን እጨምራለሁ» አለ። ድርጅቱ በኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ሆኖ ትምህርት ቤትና የጤና ተቋም ወደ መሥራት ተሻግሯል። የከተማ እድርንም አነሳስ ያጠኑ ሰዎች ከአዲስ አበባ ጉራጌዎች ጋር ያያይዙታል። አንድ ወዳጄ እቁብንም ጨምርልን ብሎ ይሟገተኛል፤ እሱን ለሌላ ቀን። ሴቶቹም ቢሆኑ ወተትና ቅቤ በተራ የሚሰባሰቡበት ዉሳቻ አላቸው። የአጋርነት ሥልጠና በሆቴል አዳራሽ ከመጀመሩ በፊት ነገሩ ራሱ እዚህ ነበር ማለቴ ነው።

ከዞኑ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቡታጅራ አለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቡታጅራ በዓለም የጤና ምርምር መጻሕፍት ውስጥ ከአዲስ አበባ ያላነሰ ስሟ የሚነሳ ከተማ መሆኗን ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመረ። ዶክተር ደስታ ሻሜቦና ባልደረቦቻቸው ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጠው፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለውን ቤት ለቤት መመዝገብ ተያያዙ። መዝጋቢዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። ቆይቶም በአካባቢው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ለጽኑ የአእምሮ ሕመም ተጠይቀዋል፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ጥናት በአፍሪካ ገጠር የሚገኝ አይደለም። ከዚያ የተገኘው እውቀት ከ2011 ወዲህ በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ረድቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሰንሰለት ታስሮ የነበረ ሰው ተፈትቶ እርሻው ላይ ሲገኝ ምን እንደሚመስል ቤተሰቡን መጠየቅ ነው።

ይሁንና አንድ ቅሬታ አለኝ። በየወሩ በሩ እየተንኳኳ ስንት ሰው እንዳለው ሲጠየቅ የኖረው ገበሬ፣ የመልሱ ድምር ምን እንደነገረን ለራሱ በስንት አጋጣሚ ተነበበለት? ውጤቱ በእንግሊዝኛ ታተመ። ፒኤች ዲ ወጣበት። መረጃ ከመንደር ወደ ከተማ ሲሄድ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ሲመለስ ኮረኮንች።

ስልክም የመጣው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ሞባይል በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን ወደ ገጠሩ ለመዝለቅ ዓመታት ፈጀበት። ከዘለቀ በኋላ ግን ጤናው ዘርፍም አልተኛም። በእዣና በአበሽጌ ወረዳዎች ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሞባይል አጭር መልእክት የእናቶች ክትትል ቀጠሮን የማስታወስ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ሙከራው ብልህ ነበር፤ መልእክቱ የሚሄደው ለእናቲቱ ሳይሆን ለጤና ኤክስቴንሽኗ ነው። እሷ ታነባለች፤ አንብባም በእግሯ ትሄድና በአፏ ትናገራለች። የድሮው ደብዳቤ አንባቢ በአዲስ መልክ መጣ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ታብሌት ታድሎ የቤተሰብ ማኅደሩን ወደ ኤሌክትሮኒክ ለማዞር ተሞክሯል። የማውቃት አንዲት ኤክስቴንሽን ስለዚህ ስጠይቃት ሳቀች። «መጀመሪያ በወረቀት እጽፋለሁ፣ ከዚያ በታብሌቱ እጽፋለሁ፣ ኔትወርክ ሲመጣ እልካለሁ፣ ሪፖርቱን ደግሞ እንደገና በወረቀት ይጠይቁኛል» አለችኝ። ዲጂታሉ ሥራዋን ያቀለለላት መስሏችሁ ነበር?

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ላይ ኮሮና ሲገባ ደግሞ ያየነው ሌላ ነው። ያኔ ለማንም ስንደውል ከመጥራቱ በፊት ስለ እጅ መታጠብ የሚናገር ድምፅ እንሰማ ነበር። ሰልችቶን የተነጫነጭን ብዙ ነን፤ እኔም አንዱ ነኝ። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ድምፅ ማንበብ የማይችለውን ሰው ጆሮ ያገኘ ብርቅ ነገር ነበር። በዚያው ስልክ ግን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ከበሽታው ያድናል የሚል ወሬም እኩል ይሮጣል፤ የፌጦ ዋጋ ሰማይ የነካው በዚያ ሰሞን ነው። ሁለቱም ድምፅ በአንድ ዕቃ ሲመጣ የትኛው የጤና ቢሮ፣ የትኛው የፌጦ ነጋዴ መሆኑን መለየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ይህን ትምህርት ማን አስተማረ?

ሌላም አለ። ስልኩ የማን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያን የወከለው የቡታጅራ አካባቢ ነበር። ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 71 ከመቶው በሕይወት ዘመናቸው ከባል ወይም ከአጋር አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ቁጥሩ የቆየ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ካለ በማን ኪስ እንደሚያድር ለመገመት ጥናት አያስፈልግም። የሚስትየው የእርግዝና መከላከያ ቀጠሮ በባልየው ስልክ ሲጮህ ምን ሊከተል እንደሚችል መልእክቱን የሚልከው ቢሮ አስቦበታል? አጣጥ ጎጆ ሲሠራ አማትና ባል እንዳሉ ያውቅ ነበር። ስልኩ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጉብሬ ዛሬ የድሮዋ ጉብሬ አይደለችም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። ስሙ የወልቂጤ ይሁን እንጂ አፈሩ የጉብሬ ነው፤ የጉብሬ ሰዎችም ይህችን በፈገግታ ማንሳት ይወዳሉ። ከግቢው አጥር በዚያ በኩል ኮምፒዩተር የሚማሩና ሕክምና የሚማሩ ልጆች አሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» በሚል ወጣቶች በኢንተርኔት እንዲሠለጥኑ ጥሪ አድርጓል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ከአጥሩ በዚህ በኩል ግን ቀጠሮ ያለፈባቸው እናት አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

የሚያገናኛቸው ምን ይሆን ስል፣ እኔ የሚታየኝ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አይደለም። ማኅበርማ ሞልቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴቶችን አንድ ለአምስት ብለን ስናደራጅ ያየነው አለ። ክትባቱንና የጤና ጣቢያ ወሊዱን አንቀሳቅሷል፤ የቀበሌ ጆሮ ነው ተብሎም ተጠርጥሯል፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከላይ የወረደ ስለነበር ላዩ ሲደክም ታቹም ደከመ። እድር ግን ንጉሡ ወርደው፣ ደርግ ወርዶ፣ ኢሕአዴግ ፈርሶ እሱ አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ቤቱን ሲያንኳኳ፣ ለቀባሪነት የተቋቋመው እድር በብዙ ከተሞች ሕመምተኛ ወደ ማስታመም ዞሮ ነበር። ለሞት የሚሰበሰብ ሕዝብ ለጤና ሲሰበሰብ ያየነው ያኔ ነው። የእድር ስብሰባ ካለቀ በኋላ፣ ቡናው ሳይነሳ፣ አንዲት ጤና ኤክስቴንሽንና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግማሽ ሰዓት ቢሰጣቸው ብዬ አስባለሁ። ይህ የቀጠሮ መልእክት ነው፣ ይህ ሎተሪ ነው፤ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርሽን ለልጅሽም ቢሆን አትንገሪ፤ ስኳር ያለበት ሰው መርፌውን በስልክ ወሬ አያቋርጥም። በአማርኛ ሳይሆን በእናትየው ቋንቋ። ተማሪው የቤንች ወይም የጎጃም ልጅ ቢሆን ኤክስቴንሽኗ ታስተረጉምለታለች፤ እሱም ቋንቋ ይማራል። ወጪው የቡና ነው። ችግሩ ምናልባት ይኸው ነው፤ በጀት የሌለው ነገር ሪፖርት የለውም፣ ሪፖርት የሌለው ነገር ደግሞ ባለቤት አያገኝም።

ወደ ሚኒባሷ ልመለስ። ረዳቱ «ጉብሬ ወራጅ» ማለት ሲጀምር ስልካቸውን መለስኩላቸውና የቀጠሮውን መልእክት ከሌላው እንዴት እንደሚለዩ ላሳያቸው ሞከርኩ። ፊደሉን አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቁጥር ያነቡ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ምን ማለትህ ነው?» አሉኝ ቆጣ ብለው። «ሠላሳ ዓመት ገበያ ቆጮ ሽጬ ቁጥር ይጠፋኛል?»

የሐኪም ቤቱ መልእክት የሚመጣበት ቁጥር አራት አኃዝ ነው። በጣቴ እያመለከትኩ አንድ በአንድ ጠራሁላቸው። እሳቸውም ደገሙት። ነጠላቸውን እየጠቀለሉ ደገሙት፣ በሩ ሲከፈት ደገሙት፣ ሰው እየተጋፋ ሲወርድ በመሐል እየደገሙ ወረዱ። ሚኒባሷ ልትነሳ ስትል በመስኮቱ በኩል መጡና አራቱን ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ጠርተው «ልክ ነኝ?» አሉኝ።

«ልክ ነዎት» አልኳቸው።

«እንግዲያው ነገ እሄዳለሁ» አሉና ስልኩን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።